ምን አጠፋሁ

ከአጂፕ ሰፈር በካርቶን፣ በሰኔ ዝናብ ረጥባ፣
«ምን አጠፋሁ» አልኳት ስሟን፣ ገና ከደጅ ሳትገባ።
የውሻ ስም በእኛ አገር፣ በአጥር የሚላክ ቃል ነው፤
እኔም የምልከው ነበረኝ፣ ተቀባዩን ባላውቀው።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣
ከሁለት እስከ አስራ አንድ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ፣
የሰው ሽንት አነባለሁ፦ ይህ የአጋሮው ገበሬ፣
ይህ የነፍሰ ጡሯ፤ ሁሉም በቁጥር፣ በዝርዝሬ።
ማታ ማድቤቴን ስከፍት፣ ቁጥር የለ፣ ክዳን የለ፣
ከበሩ እስከ ምድጃው ሥር፣ አዌቱን የመሰለ።

ቁጣዬ ስሟን ሲጠራ፣ ግቢው ሙሉ ተሰማ፤
«ምን አጠፋሁ! ምን አጠፋሁ!» በዚያ ዶፍ፣ በዚያ ጨለማ።
አከራዬ እትዬ ድንቄ፣ አንገቷን በመስኮት ሰዳ፦
«ምንም አላጠፋሽ ልጄ! ኪራይ ገና ነው፣ ምን ዕዳ!»

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ስልኬ ከትራሴ ሥር ይንቀጠቀጣል፤
መብራት ሄዷል፤ ከወደ ቦዬ ጅብ ይጮሃል።
በአንድ እጄ ባትሪ፣ በአንዱ እሷን፣
ኮንጎ ጫማዬ ጭቃ እየጠጣ፣
ከአቮካዶው ዛፍ ሥር እቆማለሁ፣ የሷ ነገር እስኪመጣ።
«በይ» እላታለሁ። «በይ እንጂ።»
ቅጠል ታሸታለች፤ የጠብታ ድምፅ ታደምጣለች፤
የወደቀ አቮካዶ በአፍንጫዋ ታንከባልላለች።
ሰማይ እንኳ ያለ ልምምድ፣ የያዘውን ይለቃል፤
እሷ ብቻ ደጅ ስትደርስ፣ መያዝ ድንገት ይገባታል፤
ገብተን በሩን ስንዘጋው፣
ያን ጊዜ ይመጣታል።

እንቅልፍ አጥቼ በማግስቱ፣
አንድ ብልቃጥ ላይ ሁለት ቁጥር ለጠፍሁ።
ኃላፊያችን አቶ ገመቹ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።
«ምን አጠፋሁ» አልኩ።
ወዲያው አፌን ያዝሁ፤
ማንን እንደጠራሁ አላወቅሁም።

«አፍንጫዋን በሽንቷ ጥረጊው» አለኝ አንዱ መካሪ።
ሌንሴ ግን ጓንቷን እያወለቀች፦
«መልሻት! ውሻ አያሳድግም፣ ደመወዝ አዳሪ።»
እውነቷን ነው። ዘጠኝ ሰዓት፣
ለሁለት ወር ፍጥረት፣ ስንት ዓመት ይሆናል?

በሐምሌ አንድ ማክሰኞ፣ ማድቤቱን ስከፍት፦ ደረቅ።
ረቡዕ ደረቅ። ሐሙስ ደረቅ።
ያነጠፍኩት ጋዜጣ፣ ዜናው እንኳ አልረጠበ።
«ገባት!» ብዬ ለሌንሴ ሳንቡሳ ጋበዝኩ፤
ኩራቴ እስከ ፈረንጅ አራዳ ታየ።

አርብ ራሴን አመመኝ፤ አስፈቅጄ በባጃጅ መጣሁ።
ከግቢው በር ላይ ቆሜ፦
አባ ዱራ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጎረቤቴ፣
ለጁምዓ ውዱእ አድርገው፣
ነጭ ጀለቢያቸውን በአንድ እጅ እስከ ጉልበት ሰብስበው፣
በጃንጥላቸው ቆልማማ እጀታ
መቀርቀሪያዬን ከሩቅ ይስባሉ።
ወጣች። አፍንጫዋን ሰነዘረች።
እሳቸው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፣
በጃንጥላው ጫፍ ዛፉን አሳዩዋት፦
«አቺ ዴሚ!»
ሄደች። ተቀመጠች። ጨረሰች።
«ገለቶሚ» አሏት፣ ሒሳቡን እንደከፈለ ደንበኛ።

እኔ ወር ሙሉ በአማርኛ ስለፈልፍ ከርሜያለሁ።

ማታ ላመሰግን ሄድኩ። ክር በመርፌ እያስገቡ፣
ቀና ሳይሉ መለሱልኝ፦
«ሌሊት ሌሊት እሰማሻለሁ።
ሰው 'ምን አጠፋሁ' እያለ ሲጮህ
ጎረቤት እንዴት ዝም ብሎ ይተኛል?»

አሁን ጥቅምት ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል።
እሑድ ቤት ስውል፣ በሩን ወለል አድርጌ ብከፍተውም፣
እሷ እኔን አታይም፤
ዓይኗ በአጥሩ በኩል ጃንጥላ ይፈልጋል።
ስለዚህ ገዛሁ። ጥቁር፣ እጀታው ቆልማማ።
በጠራራ ፀሐይ ይዤው እወጣለሁ፣ ዛፉን አሳያታለሁ፤
እትዬ ድንቄ በመስኮቷ እየሳቀች፦
«ደግሞ ዛሬ ምን አጠፋሽ?»